አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፦ ለሐኪሙ መልአክ፣ ለነርሷ ጭራቅ የሆነው ታካሚ

ጥያቄ፦ «በውስጥ ደዌ ዋርድ የምሠራ ነርስ ነኝ፤ 4 ዓመቴ ነው። ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለ የስኳር ታካሚ አለን። እግሩ ቆስሎ 2 ጣቶቹ ተቆርጠዋል። ከገባ 11ኛ ቀኑ ነው። እኔን ሲያይ ያብዳል። ‹ደንቆሮ›፣ ‹ሥራሽን የማታውቂ› ይለኛል። ትናንት ማታ ኪኒን ስሰጠው ኩባያውን ከነውሃው ፊቴ ላይ ደፋው። ጠዋት ሐኪሙ ለራውንድ (ታካሚዎችን እየዞረ ለማየት) ሲገባ ግን ያ ሁሉ የለም፤ ‹ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ› ብሎ ፈገግ። እንዲያውም ወደ እኔ እያሳየ ‹ጎበዝ ልጅ ናት› አለው! ለኃላፊዬ ስነግራት ‹ታማሚ ነው፣ ቻዪው› አለችኝ። ምን በድዬው ነው? ዛሬም ማታ ተረኛ ነኝ። ከጓደኛዬ ጋር ታካሚ ልቀያየር አስቤ፣ ፈሪ እንዳይሉኝ ተውኩት።»

መልስ፦

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። «ምን በድዬው ነው?» ትያለሽ። ውሃ የተደፋብሽ አንቺ፣ ጥፋት የምትፈልጊውም ራስሽ ላይ። አልፈርድብሽም፤ እኔም እንደዛው ነበርኩ። ወደ ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ከመግባቴ በፊት 9 ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። ተሰድቤያለሁ፣ ተተፍቶብኛል፣ አንዴ ደግሞ በጥፊ ተመትቻለሁ። የጥፊውን ነገር ቆይቼ እነግርሻለሁ፤ ላንቺም የሚሆን ነገር አለበት።

ጥያቄሽ አጭር መልስ የለውም፤ ነርስ የሚያንገላታ ታካሚ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለምና። ጭንቅላቱ በሕመም የተዛባበት አለ። የፈራ አለ። ምንም ሳይሆን፣ ስለሚችል ብቻ የሚያደርገውም አለ። ችግሩ ስድባቸው አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። «ደንቆሮ» የሚለው ቃል ከየትኛው እንደመጣ በጆሮ ብቻ አይለይም። መለየት ግን የግድ ነው፤ አንደኛው ምርመራ ይፈልጋል፣ ሁለተኛው የሚያናግረው ሰው ይፈልጋል፣ ሦስተኛው ወሰን ይፈልጋል። እኛ ዋርድ ውስጥ ሦስቱንም ባንድ ቃል ነው የምንጨርሳቸው፤ ወይ «ባለጌ ነው»፣ ወይ «ታማሚ ነው»።

አንቺ ደግሞ ሳታውቂው ትልቁን ፍንጭ ጽፈሽዋል። ሐኪሙ ሲገባ ይለወጣል።

ይህን የማያውቅ ነርስ ያለ አይመስለኝም። ሌሊቱን ሲጮህ ያደረ ሰው፣ የራውንዱ ኮቴ ከኮሪደሩ ሲሰማ ትራሱን ያስተካክላል። አንሶላውን ወደ ደረቱ ይስባል። ድምፁ በግማሽ ይወርዳል። «እንዴት አደርክ?» ሲሉት «ይመስገን ዶክተር፣ ደህና ነኝ» ይላል፤ ሌሊት 3 ጊዜ «ሞትኩ» ብሎ ያስሮጠሽ ሰው። አንቺ ቻርቱን ይዘሽ ግርጌው ቆመሻል። ሐኪሙ ዞር ብሎ ያይሻል፤ በሆዱ «ይህች ልጅ አጋንና ነው እንዴ የምታወራው?» የሚል ይመስልሻል። ከስድቡ ይልቅ ይህቺ ደቂቃ ናት አንጀት የምታሳርረው።

እና መለወጡ ምን ማለት ነው? ቢያንስ በዚያ ሰዓት ራሱን መግዛት ይችላል ማለት ነው። ለሐኪሙ ድምፁን የቀነሰ ሰው ላንቺም መቀነስ ይችል ነበር። አልፈለገም። ከባድ ነው ለማለት፣ ግን እንደዛ ነው።

ቆይ ግን፣ ገና አትደምድሚ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን፤ የጥፊውም ታሪክ ይኸው ነው።

ሰውየው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። ቀን ቀን «ልጄ» እያሉ ነው የሚጠሩኝ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው 2ኛ ሌሊታቸው ነበር። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ኮሽታ ሰምቼ ስገባ ካኑላውን (ግሉኮስ የሚገባበትን የክንድ ቱቦ) ነቅለው፣ ክንዳቸው ደም በደም ሆኖ፣ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። «ሌባ! ሌባ!» ይላሉ። ልደግፋቸው ስጠጋ በጥፊ አጮሉኝ። ጆሮዬ ጭው አለ። እኔ ምን አሰብኩ? «እኚህ ሰውዬ ለካ ቀን ቀን እያስመሰሉ ነው!» አብራኝ ተረኛ የነበረች የቆየች ነርስ ግን አንድ ቃል ሳትናገር አንሶላውን ገለጥ አደረገችና እጇን ከእምብርታቸው በታች አሳረፈች። ከዚያ የኔንም እጅ ይዛ አስነካችኝ። ሆዳቸው እንደ ሐብሐብ ጠጥሯል። ከሰዓት በኋላ ካቴተራቸው (የሽንት ማስወጫ ቱቧቸው) ተነቅሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሽንታቸውን እንዳልሸኑ ማንም ልብ አላለም፣ እኔን ጨምሮ። ካቴተሩን መልሰን ስናስገባ 900 ሚሊ ሊትር ወጣ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ጠዋት ካኑላውን ማን እንደነቀለው ሲጠየቁ አያውቁም። ጥፊውንም አያውቁትም። እኔም አልነገርኳቸው።

ይህ ዴሊሪየም የሚባለው ነው። በሰዓታት ወይም በ1 እና በ2 ቀን ውስጥ ድንገት የሚመጣ የአእምሮ መዛባት ነው፤ ዋናው ጠባዩ ደግሞ መዋዠቁ ነው። ጠዋት ረጋ ብሎ ማታ ይብሳል። ስለዚህ አንድ ታካሚ ለጠዋቱ ራውንድ ደህና ሆኖ መገኘቱ ብቻውን ሌሊት ሲያስመስል ነበር አያሰኝም። «ታዲያ በምን ልለየው?» ካልሽ፣ እንዴት እንደሚለወጥ እዪው። በሩ ሲከፈት በ10 ሴኮንድ ውስጥ ተለውጦ፣ በሩ ሲዘጋ ወዲያው የሚመለስ ሰው አለ። ከምሽት ጀምሮ ቀስ በቀስ እየጠፋ የሚሄድም አለ፤ የሳምንቱን ቀናት ወደ ኋላ ቁጠር ሲሉት ረቡዕ ላይ የሚጠፋበት፣ እያወራሽው ረስቶሽ ኮርኒሱን የሚያይ። የሁለተኛው ሰውዬ ትኩረቱ ተነክቷል። ትኩረትን ሳይነካ የሚያልፍ ዴሊሪየም የለም። የመጀመሪያው ግን ሐኪሙ የሰጠውን ቀጠሮ፣ የአስታማሚውን ስልክ ቁጥር፣ አንቺ ከትናንት ወዲያ የዘገየሽበትን 20 ደቂቃ ሳይቀር በደንብ ያስታውሳል።

ያንቺ ታካሚ ስኳር አለበት፤ ቁስል ይዞ የተኛ ስለሆነ ኢንሱሊንም እየወሰደ ይሆናል። የደም ስኳር ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ሲወርድ ሰውነት አድሬናሊን ይለቃል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መነጫነጭ ይመጣል። ከ54 በታች ሲሆን ደግሞ አንጎል ራሱ ምግብ ያጥረዋል፤ ያኔ ሰውየው ግራ ይጋባል፣ ይሳደባል፣ አልፎ አልፎም ይማታል። ያላወቀ ሰው ሰክሯል ይለዋል። ትናንት ኩባያውን ሲደፋብሽ ስኳሩ ስንት ነበር? እራቱን በልቶ ነበር? ልወቅስሽ አይደለም፤ ፊትሽን እየጠረግሽ ስኳር መለካት እንደማይታሰብሽ አውቃለሁ። ዛሬ ማታ ግን ከተነሳበት፣ ሁለት ሆናችሁ መጀመሪያ የሚለካው እሱ ይሁን። ደቂቃ አይፈጅም። እግሩ ላይ ያለው ቁስልም አለ። ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ከገባ፣ ትኩሳቱ ሳይታይ ጠባዩ ቀድሞ ሊለወጥ ይችላል። ሙቀቱን፣ ትንፋሹን፣ የደም ግፊቱን፣ ኦክስጅኑን አንዴ በደንብ ውሰጂለት። ሕመሙንም ጠይቂው፤ ስኳር ነርቭ ስለጎዳ እግሩ አይሰማውም ብሎ ማለፍ አለ፣ ስህተት ነው፤ ያው የተጎዳው ነርቭ ራሱ ሌሊት ሌሊት እንደ እሳት ሊያቃጥል ይችላል።

ለሌሎች ታካሚዎችሽ የሚሆንም ልጨምር። ሲገባ «መጠጥ? በጭራሽ!» ያለ ሰው አልጋ በያዘ በ6 እና በ24 ሰዓት መካከል እጁ መንቀጥቀጥ፣ ማላብ፣ መቁነጥነጥ ሊጀምር ይችላል። በ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር እያየ ሊማታ ይችላል። ይህ አልኮል በድንገት ሲቋረጥ የሚመጣ፣ ሰው የሚገድል ነገር ነው፤ ሐኪም መጥራት ነው ያለብሽ፣ መቆጣት አይደለም። (ያንቺው 11 ቀን ስለቆየ ይህ አይመስለኝም።) ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶን የሚባሉት መድኃኒቶች እንቅልፍ ነስተው ነገረኛ የሚያደርጉት ሰው አለ። የመርሳት ሕመም ያለባቸው፣ የፊተኛው የአንጎል ክፍላቸው የተጎዳም አሉ፤ እነሱን «ለምን እንዲህ አልክ?» ብሎ መሟገት ጊዜ ማባከን ነው።

እሺ፣ ሁሉም ተለክቶ ደህና ሆነ እንበል። እኔ ከጻፍሽው ተነስቼ ወደዚህ አደላለሁ። ሰውየው ጭንቅላቱ ሰላም ነው፤ ግን ፈርቷል።

2 ጣቱ ሄዷል። ማታ ማታ አንሶላው ሥር ያለችውን እግር እያሰበ ነው የሚተኛው። ቀጣዩ ጣት ነው? እስከ ቁርጭምጭሚት ነው? እስከ ጉልበት ነው? ይህን የሚወስነው ሰው ማን ነው? ሐኪሙ። ቢላውን የያዘውን ሰው አይቆጡትም። ይለማመጡታል። «ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ» የሚለው ፈገግታ ውስጥ ምን ያህል ልመና እንዳለ አንድ ጊዜ አስተውለሽ ብታዪው ትገረሚያለሽ። ቁጣው ግን የትም አልሄደም፤ የሚያርፍበት ቦታ ይፈልጋል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላል ያገራችን ሰው። ዳውላዋ አንቺ ነሽ። ዶክተሩ በቀን 5 ደቂቃ ነው የሚመጣው፣ አንቺ 12 ሰዓት አለሽ። ዶክተሩ ተስፋ ይዞ ይመጣል፣ አንቺ መርፌ ይዘሽ። ፋሻ የምትፈቺው፣ የሚያቃጥለውን የምታጥቢው፣ «ስኳር ያለው ነገር አይፈቀድልህም» የምትዪው አንቺ ነሽ። በዋርድ ውስጥ «አይሆንም» የሚለው ቃል ሁሉ ማለት ይቻላል በነርስ አፍ ነው የሚነገረው፤ ውሳኔው ግን የነርሷ አይደለም።

ለቀዶ ሕክምና ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምግብ ተከልክሎ የዋለን ሰው አስቢ። አፉ ደርቋል፣ ቤተሰቡ ሥራ ፈቶ መጥቷል፣ ጋውን ለብሶ ይጠብቃል። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ «ዛሬ አይደርስህም፣ ለነገ ተላልፏል» ይባላል። ማን ነው ሄዶ የሚነግረው? የሰረዘው ሰው አይደለም። ነርሷ ናት። በማግሥቱ እንደገና። ሦስተኛው ቀን ላይ ሰውየው ትሪውን ቢወረውር፣ ትሪው የሚያርፈው ዜናውን ባደረሰችው ላይ ነው።

ሰው ሲፈራ ሰውነቱ ወይ ይዋጋል ወይ ይሸሻል። ታካሚ ደግሞ መሸሽ አይችልም። አንድ እጁ ከግሉኮስ ጋር ታስሯል፣ ጀርባው ክፍት የሆነ ጋውን ለብሷል፣ እግሩ ቆስሏል። የቀረው አፉ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ እሱን ሰው ብዙ አይናገረውም። ኢዛቤል ሜንዚስ የምትባል የሥነ-ልቦና ተንታኝ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ላይ ለንደን ውስጥ በአንድ የማስተማሪያ ሆስፒታል የነርሶችን ሥራ አጥንታ ነበር። ካስተዋለቻቸው ነገሮች አንዱ፣ ታካሚ ለነርሷ ያለው ስሜት ምስጋና ብቻ እንዳልሆነ ነው። ምስጋናውና ፍቅሩ አለ፤ ግን ጥገኛ መሆኑን ይጠላዋል፣ በነርሷ ጤንነትና ሙያም ይቀናል። ይህን ስታነቢ ጭካኔ ሊመስልሽ ይችላል። እስቲ ግን ራስሽን በቦታው አድርጊው። ትናንት ቤት የሚያስተዳድር፣ ሰው የሚያዝ፣ የራሱን ሱሪ የሚታጠቅ ሰው ነበር። ዛሬ በልጁ ዕድሜ ያለች ሴት ሽንቱን ትደፋለታለች። አንቺ ዕቃውን ይዘሽ በሁለት እግርሽ ቀጥ ብለሽ ትወጫለሽ፤ እሱ ጣሪያ እያየ ይቀራል። ሐኪሙ ያየው ለብሶ ነው። አንቺ ያየሽው ራቁቱን፣ ሲያለቅስ፣ አልጋው ላይ ሲያመልጠው ነው። ውርደቱን ያየች አንቺ ብቻ ነሽ፤ አንዳንድ ሰው ደግሞ ያየውን ዓይን ነው የሚጠላው። «ደንቆሮ» ሲልሽ፣ አንዱ የሚለው ነገር «እኔ ካንቺ በታች አይደለሁም» ነው።

እና ምርጫ ማጣቱ። መቼ እንደሚነቃ፣ መቼ እንደሚበላ፣ መቼ መብራት እንደሚጠፋ ሌላ ሰው ይወስንለታል። ጃክ ብሬም የሚባለው የሥነ-ልቦና ባለሙያ በ1966 (እ.ኤ.አ.) ያስረዳው ነገር ነው፦ ሰው ነጻነቱ ሲነካበት፣ የሚጠቅመውን ነገር ሳይቀር እምቢ ብሎ ነጻነቱን ለማስመለስ ይሞክራል። ኪኒኑን የማይውጠው ኪኒኑን ጠልቶ ላይሆን ይችላል። በቀን ውስጥ «አልፈልግም» ማለት የቻለባት ብቸኛ ነገር እሷ ናት።

ቀድሞ በሕክምና ቦታ የተጎዳም አለ። 6 ጊዜ ተወግቶ ሥሩ የጠፋበት፣ እየጮኸ ያልሰሙት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ትሪሽን ሲያይ ገና ይሳደባል። እሱ ጋ ብዙ አልቆይም፤ «ባለፈው ምን ደረሰብህ?» ብሎ መጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዋል።

አሁን ሦስተኛው። ጭንቅላቱ ሰላም፣ ፍርሃቱም ያን ያህል፣ ግን የሚያንገላታ። አለ፤ የለም ብለን ራሳችንን አናታልል። ከሆስፒታል በር ውጭም አስተናጋጅ፣ ዘበኛ፣ ሚስቱን የሚያንገላታ ሰው ነው፤ ሲታመም ጠባዩን በር ላይ አስቀምጦ አይገባም። ማጠብና መጥረግን የአሽከር ሥራ አድርጎ የሚያይ፣ ስለዚህ የሚያጥበውን ሰው እንደ አሽከር የሚያዝ። እንደ የዓለም ጤና ድርጅት ከሆነ ከ10 ነርሶች 9ኙ ያህል ሴቶች ናቸው፤ ሴት ስታገለግለው «የምትችል» የሚመስለው ወንድ ደግሞ ሞልቷል። ገላ ስታጥቢው እጁን ወገብሽ ላይ የሚያሳርፍ፣ ሐኪሟ ሴት ስትሆን ግን እጁን አጣጥፎ የሚተኛ። እሱ ዴሊሪየም የለበትም። ሒሳብ ሠርቷል፤ ምን እንደሚያስከፍለው፣ ማን ዝም እንደሚል።

ዝም እንደምትዪ ከማን ተማረ? እዚህ ላይ የኛ ቤት ነገር አለ። ራውንድ ላይ ሐኪም በታካሚው ፊት ነርሷን «ይሄን እንኳን አታውቂም?» ብሎ ሲያሳፍር አይቻለሁ። ታካሚው ተኝቶ ያዳምጣል። በዚያች ሰከንድ የነርሷን ዋጋ ተማረ። ከሰዓት በኋላ ያንኑ ዓረፍተ ነገር፣ በዚያው ድምፅ፣ ደግሞ ይነግራታል። እኛም ነርሶች ከነገሩ ንጹህ አይደለንም። ሰውየውን «አልጋ 6» እያልን፣ በሱ ራስ ላይ ስለ ደሞዝ እያወራን አንሶላ ስንቀይር፣ «መጣሁ» ብለን ሳንመለስ... ይህ ስድብን አያስተካክልም፤ ግን እሳቱ ላይ ጭራሮ ይጨምራል።

«ታማሚ ነው፣ ቻዪው» ላለችሽ ኃላፊ ደግሞ የምለው አለኝ። ግማሹ እውነት ነው፤ ለዚህም ነው አደገኛ የሆነው። ታማሚ ከሆነ ይመረመር! ካልታመመም ይነገረው! መቻል ከሁለቱ አንዱንም አያደርግም። ስትችዪው ዴሊሪየሙም ሳይታወቅ ያልፋል፣ ባለጌውም ትምህርት ያገኛል። ደግሞ ያንቺ ብቻ አይደለም። በ2019 (እ.ኤ.አ.) የወጣ፣ ከብዙ አገሮች የመጡ 253 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ እንዳሳየው ከ100 የጤና ሠራተኞች 62ቱ ገደማ በ1 ዓመት ውስጥ ከታካሚ ወይም ከጎብኚ አንድ ዓይነት ጥቃት ደርሶባቸዋል፤ 24ቱ ገደማ ደግሞ አካላዊ ጥቃት። በዚያው ዓመት የዓለም ሥራ ድርጅት ያጸደቀው ኮንቬንሽን ቁጥር 190 በሥራ ቦታ ስለሚደርስ ጥቃትና ትንኮሳ ሲደነግግ፣ ከሦስተኛ ወገን የሚመጣውንም አንሥቷል፤ ታካሚ ማለት እሱ ነው። አብሮት የወጣው ምክረ ሐሳብ የጤናውን ዘርፍና የሌሊት ሥራን በተለይ ለአደጋ ከተጋለጡት መካከል በስም ይጠራል። አገርሽ ኮንቬንሽኑን አጽድቃም አላጸደቀችም፣ «የሥራው ጠባይ ነው» የሚለው ወሬ ጊዜው አልፎበታል።

ስለዚህ ትናንት የሆነውን ጻፊው። «ታካሚው ተበሳጨ» ብለሽ አይደለም። ሰዓቱን፣ ከዚያ በፊት ምን እንደተባለ፣ ያለውን ቃል በቃሉ («ደንቆሮ»ንም ጨምረሽ)፣ ያደረገውን፣ ስኳሩና ቫይታሉ (ሙቀቱ፣ ትንፋሹ፣ የደም ግፊቱ) ስንት እንደነበር፣ ማን እንዳየ። የዚህ ጥቅሙ ላንቺ መከታ መሆኑ ብቻ አይደለም። 4 ቀን ተጽፎ ሲታይ ነው «ሁሌ ከእራት በፊት ነው» ወይም «ሁሌ ፋሻ ሊቀየር ሲል ነው» የሚባለው። ሐኪሙም ያኔ ነው የጠዋቱን ፈገግታ ትቶ የሌሊቱን የሚያነበው።

ካልተቀያየርሽና ዛሬ ማታ ከገባሽ፣ ብቻሽን አትግቢ። ከበሩ ጀምረሽ እዪው። ኖርዌይ ውስጥ ተሠርቶ ብዙ ቦታ የሚሠራበት ብሮሴት የሚባል መመዘኛ አለ፤ 6 ነገር ነው የሚያየው፦ ግራ መጋባት፣ መነጫነጭ፣ መንጫጫት፣ በቃል ማስፈራራት፣ በአካል ማስፈራራት፣ ዕቃ መምታት ወይም መወርወር። ለእያንዳንዱ 1 ነጥብ ነው። 3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በሚቀጥሉት 24 ሰዓታት ውስጥ አደጋው ከፍ ያለ ነውና አስቀድሞ ሰው ይዘጋጃል። ያንቺው ትናንት ኩባያዋን ሲያነሳ ስንት ላይ እንደነበር ራስሽ ቁጠሪው።

ከአልጋው ሁለት ክንድ ያህል ራቂ፤ በሩ ከጀርባሽ ይሁን፣ የሱንም መውጫ አትዝጊ። «ተረጋጋ!» አትበዪው፤ ተረጋጋ ተብሎ የተረጋጋ ሰው አላየሁም። ስሙን ጥሪው። ድምፅሽ ዝቅ ይበል፣ ዓረፍተ ነገርሽ ይጠር። ካንቺና ከጓደኛሽ አንዳችሁ ብቻ ተናገሩ። ስለ ትናንቱ፣ ቀጥ ብለሽ፦ «ትናንት ውሃ ደፍተህብኛል። እሱ እንዲደገም አልፈቅድም። እግርህ እንደሚያሳስብህ አውቃለሁ፤ ስለ እሱ የፈለግከውን ያህል እንነጋገራለን። ከሰደብከኝ ግን እወጣና ከ10 ደቂቃ በኋላ እመለሳለሁ።» (በዕድሜ ብዙ ስለሚበልጥሽ «አንቱ» የምትዪው ከሆነ «አንቱ» በዪው፤ ወሰን ለማስመር አክብሮት መቀነስ የለብሽም።) ከሰደበሽ ውጪ። እና ይህ ነው ቁም ነገሩ፦ በ10ኛው ደቂቃ ተመለሺ። በ25ኛው ከተመለስሽ ወሰን አላስመርሽም፣ ቀጥተሽዋል፤ እሱም የፈራው «ጥለውኝ ይሄዳሉ» የሚለው ነገር እውነት ሆነለት ማለት ነው። መድኃኒቱን፣ የሕመም ማስታገሻውን፣ ደወሉን ለበቀል አታዘግዪ። አንዴ እንኳን ከሆነ ጥፋቱ ወዳንቺ ዞረ።

ምርጫ ስጪው፣ ትንሽም ብትሆን። «ኪኒኑን አሁን ልስጥህ ወይስ ከእራት በኋላ?» መጠበቅ የሚችል መድኃኒት ከሆነ ማለቴ ነው። «መርፌው በየትኛው በኩል ይሁን?» ፋሻ ከመፍታትሽ በፊት «ሲበዛብህ እጅህን አንሣ፣ አቆማለሁ» በዪው፤ ሲያነሣ ደግሞ እውነትም አቁሚ። እና አንድ ጥያቄ፦ «ስለ እግርህ ምን ነገሩህ?» ብዙ ጊዜ መልሱ «ምንም» ነው። ያን ጻፊና ጠዋት ሐኪሙ ወንበር ስቦ ተቀምጦ እንዲያወራው አድርጊ፤ «አልጋ 6 ስድብ አበዛ» ከሚል ሪፖርት ይልቅ «ቀጥሎ እግሬ ይቆረጣል ብሎ ይፈራል፣ ማንም አላስረዳውም» የሚለው ሐኪምን ያስቀምጣል።

ይህን ሁሉ አድርገሽ፣ ስኳሩም ልክ ሆኖ፣ ተነግሮትም ከደገመው፣ ሦስተኛው ዓይነት ሰው ነው። ያኔ ነገሩ ካንቺ ትከሻ ይወርዳል፤ ኃላፊዋና ሐኪሙ አብረው ገብተው፣ በሐኪሙ አፍ፣ አንቺ ባለሽበት ሊነግሩት ይገባል። በሐኪሙ አፍ ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ የሚሰማው እሱን ነዋ።

መቀያየሩን በተመለከተ፣ ተቀያየሪ። ቢያንስ ለዛሬ። ፊትሽ ላይ ውሃ ከተደፋ ገና 1 ቀን አልሞላም፤ እጅሽ እየተንቀጠቀጠ ኢንሱሊን እንድትቀጂ አልፈልግም፣ እሱም አይፈልግም። ፈሪ የሚልሽ ካለ ያንን አልጋ ዛሬ እሱ ይውሰደዋ። ለምትረከበው ጓደኛሽ ግን «አስቸጋሪ ነው» ብቻ ብለሽ እንዳታስረክቢያት፤ ትናንት በስንት ሰዓት እንደተነሳበት፣ እራቱን በልቶ እንደነበር፣ በየትኛው እጁ እንደወረወረ ንገሪያት።